ሀብቱ ከፈረስ አልወደቀም

እንጅባራ መናኸሪያ በር ላይ ድንች ቅቅል በአዋዜ የምትሸጠውን ሴት የማያውቅ ሹፌር ካለ፣ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው ወይ ድንች አይወድም። የምሥራች ትባላለች። ስሙን ያወጡላት ዳንግላ ያሉት ወላጆቿ ምን ታይቷቸው እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ካወቅኋት ጀምሮ ግን ምሥራች ይዞላት የመጣ ሰው አላየሁም። ክፉ ወሬም ቢሆን ለእሷ የሚደርሳት አገር ሁሉ ከሰማው በኋላ ነው።

እኔ ፋና እባላለሁ፤ ጎረቤቷ ነኝ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ግቢያችንን የሚለየው ባሏ ደረሰ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በገዛ እጁ ያጠረው የቀርከሃ አጥር ነው። ይህን ታሪክ ጻፊልኝ ያለችኝ ራሷ ናት። "ሰው ይወቀው፤ ካወቀ በኋላ የፈለገውን ይበል" ነው ያለችኝ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። ጻፊ ካሉኝ ከነቁጣዬ ነው የምጽፈው።

የምሥራች የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት። ደረሰ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር የተወለደ የገበሬ ልጅ ነበር፤ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ እየሠራ በገበያ ቀን ዳንግላ ድረስ ይወስድ ነበር። እዚያ ነው የተያዩት። "ወንበሩን ለእናቴ ገዛሁ፤ ሳቁን ለራሴ ወሰድኩ" ትላለች እስከ ዛሬ። ስትናገረው ፊቷ ይፈካና ወዲያው ይጠፋል።

ሽማግሌ ተልኮ ዘር በተቆጠረበት ቀን የደረሰን ወገን የቆጠሩት አጎቱ አያ አድማሴ ነበሩ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ዝምድና እንዳይገኝባቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። አያ አድማሴ ግን ስም ብቻ ጠርተው ማለፍ አይሆንላቸውም። እገሌ እንዲህ ያለ አራሽ ነበር፣ እገሊት እጀ ሰፊ ነበረች፣ እንዲህ ኖሮ እንዲህ ሞተ እያሉ እያንዳንዱን ስም ያለብሱታል። የደረሰ አባት የሀብቱ ተራ ሲደርስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ሀብቱ ከፈረስ ወድቆ ነው የሞተ! ፈረሱም ነጭ!" አሉ። ፈረሰኛ በሚከበርበት አዊ ምድር ላይ ይህ የሚያኮራ ሞት ነው። የየምሥራች አባት ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "እንዲህ ካለ ቤት ነው እንጂ" አሉ፣ ልጃቸውንም ሰጡ።

አማቶቿ ቤት ክብር አላጣችም፤ ይህን መካድ አይገባኝም። እሷ ስትገባ ጨዋታው ሁሉ ከአገውኛ ወደ አማርኛ ይዞራል፣ ስትወጣ ይመለሳል። ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳን የእሷ አገውኛ ሰላምታ ሰጥቶ ድንች ከመግዛት አያልፍም ነበር። እኔ በሁለቱም አፌን የፈታሁ ነኝና "ላስተምርሽ" ስላት "ሁሉም አማርኛ ይሰማል፤ ለማን ብየ?" ትለኝ ነበር። አንድያ ልጇ ፀደይ ግን በአያቷ በእማማ ወርቅአየሁ ጀርባ ላይ ነው ያደገችው። በሁለቱም ቋንቋ እኩል ትጸልያለች፣ በሁለቱም እኩል ትሳደባለች።

ደረሰ ላይ መጀመሪያ የተበላሸው እጁ ነው። ቀርከሃ ሲሰነጥቅ ወዲያ እያወራ፣ ወዲህ እየሳቀ ስንጥሩ ሁሉ እኩል ይወጣለት ነበር። አንድ ክረምት ማብቂያ ላይ አንዱ ስንጥር ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን እየሆነ አስቸገረው። "ቢላው ዶልዱሟል" አለና ሳለው። ቀጥሎ "ቀርከሃው እርጥብ ነው" አለ። ሰው እጁን ከመጠርጠር ቢላውን መጠርጠር ይቀለዋል።

ከዚያ እንቅልፉ ሄደ። የምሥራች ይህን ያወቀችው ዘግይታ ነው፤ ምክንያቱም ጠዋት "እንዴት አደርህ?" ስትለው "ደህና አደርኩ" ይላታል። ወራት ሙሉ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ "ደህና አደርኩ"። በኋላ ግን ሊሸሽግ የማይችለው ነገር መጣ። እንጅባራ ውርጭ በሚጥልበት ወር እኛ ጋቢ ደርበን ስንንቀጠቀጥ የእሱ ሸሚዝ ከላብ የተነሣ ይጨመቅ ነበር። ሲሄድ ይንገዳገዳል። አረቄ በአፉ ዞሮ የማያውቀውን ሰው መናኸሪያው "ደረሰ መጠጥ ጀመረ" ብሎ አማው። ቆይቶ ደግሞ በቀትር፣ ዓይኑ እንደተገለጠ፣ ቁጭ ብሎ እጆቹ የሌለ ቀርከሃ መሰንጠቅ ጀመሩ። ስትጠራው ይባንናል፣ ያፍራል፣ እንደገና ይጀምራል። ሰውየው ነቅቶ ያልም ነበር።

ጠበል ወሰድነው። አጥማቂው አባት አስተዋይ ሰው ነበሩና "ጠበሉን አታቋርጡ፤ ሐኪምም ይየው" አሉን። እንዲህም እንዲያም ስንል ቆይተን በመጨረሻ ባሕር ዳር፣ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ደረስን። የሄድነው ደረሰ፣ የምሥራች፣ እናቱ እማማ ወርቅአየሁና እኔ ነን። ፀደይ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነበረች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትዕግሥቱ ግን የአረጋዊ። የራሱን ምርመራ አድርጎ፣ የጭንቅላቱንም ፎቶ አይቶ ሲጨርስ በሩን ዘጋና አስረዳን። በሁላችንም አንጎል ውስጥ አንድ ፕሮቲን አለ አለ፤ ልክ ሆኖ እስከታጠፈ ድረስ ጉዳት የለውም። አንዳንዴ ግን አንዱ ተጣሞ ይታጠፋል። የተጣመመው ጎረቤቱን ሲነካ ጎረቤቱም እንደሱ ይጣመማል፤ ያም ቀጣዩን። ተሕዋሲ የለበትም፣ ትኩሳት የለውም። ሰውነት የሚዋጋው ባዕድ ስለሌለ አይዋጋም። ዓመታት ድምፅ ሳያሰማ ይቆይና በመጨረሻ አንጎል እንደ ሰፍነግ ይበሳሳል።

"እንደ ምንጣፍ ነዋ" አለች የምሥራች። "አንዲት ስንጥር ሲስቱ፣ ቀጣዩ መሥመር ሁሉ ስሕተቷን ይዞ ይሄዳል።" ይህን ያስተማራት ደረሰ ነው። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ እጁ ይንቀሳቀስ ነበር።

"አዎ፣ እንደሱ" አለ ሐኪሙ። "ግን ዓይነቱ ይለያያል፤ የሚለያይበት ነገር ደግሞ ለእናንተ ትልቅ ነው።" በብዛት የሚታየው ያለ ምንም ምክንያት፣ በዕድሜ ገፋ ባሉ ሰዎች ላይ የሚነሣው ነው አለ፤ ማስታወስን ቀድሞ ይወስድና ሰውየውን በወራት ይጨርሰዋል። የታመመ ከብት በልተው የያዛቸው በውጭ አገር አሉ። በአንድ ሩቅ ደሴት ደግሞ ሕዝቡ ለፍቅር ብሎ የሟቹን ሥጋ በለቅሶ ላይ ይበላ ነበርና እየተንቀጠቀጠ አልቆ ነበር። በደንብ ባልጸዳ የቀዶ ሕክምና ዕቃ የተላለፈበትም ጊዜ አለ። ጥቂቱ ግን ከአባት ወይም ከእናት በዘር ይወርዳል። ከዘሩም አንዱ ሚዛንን ነው ቀድሞ የሚነሣ፤ እያንገዳገደ ዓመታት ያቆያል። ሌላው የሚጀምረው ከእንቅልፍ ነው።

የምሥራች ወደ ደረሰ ዞራ አየች። ሐኪሙም ያየችውን አየ።

"እንቅልፍን ቀድሞ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ የዘሩ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ግን በራሱ የሚነሣበትም አለ፤ እሱ ለልጅ አያልፍም። የዘሩ ከሆነ ልጃችሁ ላይ ዘውድና ጎፈር ነው፤ እኩል በእኩል። ይህን የሚለይ የደም ምርመራ ከዚህ አገር ውጭ እንጂ እዚህ አላውቅም። ስለዚህ እናቱን ልጠይቅ። እናቴ፣ ከቤተሰቡ እንዲህ ሆኖ የሞተ አለ? አባቱ?"

እማማ ወርቅአየሁ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "የለም ልጀ። አባቱ ከፈረስ ወድቆ ነው የሞተ።"

"አንተስ ታስታውሳለህ?" አለው ደረሰን።

ደረሰ ምላሱ ከብዶት ነበር፤ አእምሮው ግን ገና ከእኛ ጋር ነበር። እናቱን አየ። ከዚያ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከፈረስ።

ሐኪሙም "እንግዲያ በራሱ የተነሣው ይሆናል" ብሎ ጻፈ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል አገራችን። ሐኪሙ ይህ በሽታ ቢነገርም መድኃኒት እንደሌለው ነግሮናል። ቢሆንም የምሥራች ከዚያ ክፍል ስትወጣ ባሏን ቀብራ ልጇን ያተረፈች ሴት ነበረች። ኮሪደሩ ላይ ሆና ፀደይ ጋ ደወለች፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሦስት ጊዜ ደገመችው። "ዘር አይደለም አሉ ልጀ! አንችን አይነካም! ሰማሽ? አንችን አይነካም!" ስልኩን ዘግታ ግድግዳው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እማማ ወርቅአየሁ ጀርባዋን ይደባብሱላት ነበር። ያንን እጅ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ደረሰ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። እንዴት እንደሞተ አልዘረዝርም፤ መጨረሻው ላይ የምሥራችን አላወቃትም፣ ቀርከሃውን ግን እስከመጨረሻው ሲሰነጥቅ ነበር።

ለቅሶው ላይ ከገጠር የመጡት ሴቶች ሙሾ አወረዱ። አውራጇ ምህረቴ የምትባል፣ ድምፅዋ ድንጋይ የሚያስለቅስ ሴት ናት። ያወረደችው በአገውኛ ነው። እኔ ከየምሥራች ጎን ተቀምጬ እሰማለሁ። "ደረሰ ሆይ" ትላለች፣ "አባትህ ሀብቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ እሱም እንዳንተ ዓይኑን ሳይከድን ነው የሄደ። አክስትህም ትጠብቅሃለች፤ እሷም ሌቱን ከቀን ሳትለይ ነው የሄደች። አያትህም። በዚህ ቤት እንቅልፍ ምን ተበደለ? የሁላችሁንም ዓይን ትቶ የት ሄደ?"

ዙሪያዬን አየሁ። አያ አድማሴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያለቅሳሉ። አሮጊቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። የሚገረም አንድ ፊት የለም። ከአልቃሾቹ መካከል የቆመችው ፀደይ በድንገት ዝም አለች፤ ደክሟት መሰለኝ። የምሥራች ግን የለቅሶውን መበርታት አይታ በእንባዋ መካከል ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "አየሽ፣ እንዴት ይወዱት ነበር!" አለችኝ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ነገርኳት። ለቀስተኛው ሲበተን ጓሮ ወስጄ፣ ምህረቴ ያለችውን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስኩላት። ሆድ ይፍጀው ብሎ መቀመጥ ለሚችል ይሁንለት፤ እኔ አልችልም። የምሥራች መጀመሪያ አላመነችም። "ሙሾ ነው፤ ሙሾ ያጋንናል" አለች። ከዚያ ግን ባሕር ዳር ላይ የተነቀነቀው ራስ ትዝ ሲላት አየሁ። መሬት ላይ ተቀመጠች።

እማማ ወርቅአየሁ ቤት አብረን ሄድን። አሮጊቷ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የምሥራች አልተቀመጠችም፤ ሰላምታም አልሰጠችም።

"እማማ፣ አባታችን ሀብቱ በምን ሞቱ?"

እማማ ወርቅአየሁ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። አገውኛ የምሰማ እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

"ነጭ ፈረስ በዚህ ቤት ኑሮ አያውቅም" አሉ። "እንደ ልጀ ነው የሞተ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ሲወስዱኝ ዝም አሉ። ይሁን፣ እሱን ልተወው። ሐኪሙ ስለ ልጀ ሲጠይቅዎትስ? ስለ ፀደይ እኮ ነው የጠየቀ!"

"ለእኔስ ማን ነገረኝ? እኔም የሰው ልጅ ሁኘ ነው ወደዚህ ቤት የመጣሁ። ባሌ ሲያመው አማቴን ጠየቅኋት። 'አባቱ ገደል ገብቶ ነው' አለችኝ። ያወቅሁ እንደ አንች በለቅሶ ነው። ልጆቼን ታቅፌ የት ልሂድ? ማን ያገባቸዋል? ዝም አልሁ።" ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩት። "ደግሞስ ብነግርሽ ታገቢው ነበር? ባታገቢው ፀደይ ከየት ትመጣ ነበር? እስቲ መልሽልኝ።"

ይህ ነው የሚያናድደኝ። ጥያቄው መልስ የለውም፤ ግን መልስ የለውም ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም።

"ደረሰ ያውቅ ነበር?" አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ አንሶ።

"አባቱን ደግፎ ያስታመመ እሱ ነው" አሉ አሮጊቷ። "ወደ ውጭ ሲያወጣው ሲያስገባው። እንዴት አያውቅ?"

ያን ቀን ስንመለስ የምሥራች ቀድማኝ ትሄድ ነበር። ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ነው ቆም ያለችው። "መታመሙን ይቅር እለዋለሁ" አለችኝ። "ሳያገባኝ መደበቁንም፣ ወዶኝ ነው ብየ ይቅር እለዋለሁ። ያንን ራስ መነቅነቅ ግን፣ ፋና... ልጁ እኮ ናት።" ሰው ሞቶበት ያለቀሰ ሁሉ የሚያለቅሰው አንድ ጊዜ ነው። እሷ ደረሰን ሁለት ጊዜ ነው ያጣችው፤ ሁለተኛው ደግሞ የቀድሞውን ሳቁን ሁሉ ይዞባት ሄደ።

ፀደይ ተመረቀች፤ ጫግኒ መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ጀመረች። የምሥራች አልነገረቻትም። እኔ እጨቀጭቃታለሁ። "ከምረቃው በኋላ" አለችኝ። ተመረቀች። "ሥራዋን ትልመድ" አለችኝ። ለመደች። "ከፋሲካ በኋላ።" ስንት ፋሲካ አለፈ! "ምን ብየ ልንገራት?" ትለኛለች ድንቹን እየላጠች። "ምርመራው እዚህ የለ። መድኃኒቱ የትም የለ። ዕድሜዋን ሙሉ ዓይኗን በከደነች ቁጥር እየፈራች ትኑር? እስቲ ትንሽ ሳታውቅ ትኑርበት።" አዝንላታለሁ፣ እናደድባታለሁም። እማማ ወርቅአየሁን ግን በየቀኑ ትረግማቸው ነበር።

እንዲህ ባለበት ፀደይ ኪዳኑ የሚባል ልጅ ወደደች። ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲያወራ መሬት መሬት የሚያይ። አባቱ አቶ ይሄነው ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹን ቄስ መሳፍንት እየመሩ የየምሥራች ቤት ገቡ። በሴቷ ወገን ዘር ለመቁጠር ማን ተቀመጠ? አያ አድማሴ። እማማ ወርቅአየሁም ነጠላቸውን አጣፍተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ፀደይ ጓዳ ናት። የምሥራች ጠላ ትቀዳለች። ከመግባታቸው በፊት "ዝም እላለሁ፤ ማታ ለብቻዋ እነግራታለሁ፤ ማልሁልሽ" ብላኝ ነበር። አመንኳት፤ እሷም ራሷን አምና ነበር።

የእናት ወገን ተቆጠረ። ወደ አባት ወገን ተዞረ። አያ አድማሴ ዕድሜ ተጭኗቸው ድምፃቸው ደክሟል፤ ስም ማልበሱን ግን አልተዉትም። "የፀደይ አባት ደረሰ፣ እጀ ብልህ፣ በአጭር ሕመም ያረፈ። የደረሰ አባት ሀብቱ፣ ከፈረስ ወድቆ የሞተ! ፈረሱም ነጭ!"

ቄስ መሳፍንት ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ የየምሥራች አባት ዳንግላ ላይ እንደነቀነቁት።

ማንቆርቆሪያው ከእጇ አልወደቀም። ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። "ሀብቱ ከፈረስ አልወደቀም" አለች።

አያ አድማሴ "አንች ሴት..." ብለው ጀመሩ።

"አልወደቀም! እንቅልፍ ነስቶት፣ አብዶ፣ ተንገዳግዶ ነው የሞተ። እህቱም እንደዚያ። አባቱም እንደዚያ። ባሌም እንደዚያ። በዘር ነው፤ ሐኪም ነግሮኛል። ልጀ ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እኩል በእኩል ነው። ይህን ሰምታችሁ ከፈለጋችሁ ውሰዷት። እኔን እንዳሞኛችሁኝ ግን በእኔ ቤት ማንም አይሞኝም!"

እማማ ወርቅአየሁ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አልተነሡም ወዲያው። ጠላቸውን ጨረሱ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ መርቀው "መክረን እንመለሳለን" ብለው ሄዱ። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል።

እኔ ልቤ በኩራት ሞልቶ ነበር። ደግ አደረገች ብዬ ነበር። ጓዳ እስክንገባ ድረስ።

ፀደይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አላለቀሰችም።

"እማ፣ ምን አደረግሽ?"

የምሥራች ልትይዛት እጇን ዘረጋች። "ልጀ፣ ልነግርሽ ነበር፤ በእግዜር እየማልሁ ነው፣ ዛሬ ማታ ልነግርሽ ነበር። ግን እኔን እንዳታለሉኝ ያ ምስኪን ልጅ..."

"ኪዳኑ ያውቃል።"

"ምን?"

"ሽማግሌ ሳይልክ ነው የነገርሁት። ሰማ፣ አለቀሰ፣ ይሁን አለኝ። ልጅ ስለ መውለዱ ሐኪም ዘንድ ሄደን እንጠይቃለን አልን። አባቱ ብቻ እንዳይሰማ ነበር። አባቱን አንች አታውቂያቸውም።"

የምሥራች እኔ የነገርኳት መስሏት ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ግን ማወቋንም አላውቅም ነበር። "ለአንችስ ማን ነገረሽ?" አለቻት።

"ምህረቴ! አባባ ቀብር ላይ። ለአገሩ ሁሉ እኮ ነው የነገረች። አገውኛ የማትሰሚ አንች ብቻ ነሽ፣ እማ።"

ያን ጊዜ ነው ፀደይ በለቅሶው መካከል ድንገት ዝም ያለችው ትዝ ያለኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለች የምሥራች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር።

"አንችስ?" ፀደይ አሁን ጮኸች። "ከባሕር ዳር ደውለሽ አንችን አይነካም ያልሽኝ አንች ነሽ! ሐሰት መሆኑን ካወቅሽ በኋላ መልሰሽ አልደወልሽም። ትነግረኛለች ብየ ጠበቅሁ። በመጣሁ ቁጥር ጠበቅሁ። አያቴን ስትረግሚ እየሰማሁ ጠበቅሁ። እሷ ለአንች ያደረገችውን እኮ ነው ለእኔ ያደረግሽ! ዛሬ ግን ለኔ ሳይሆን ለሽማግሌ ነገርሽ።"

እኔ እስከ ዛሬም ልፈርድ አልቻልኩም። አገር ሁሉ አውቆ ከእሷ የደበቀው አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ሁለተኛው ግን ከገዛ ልጇ መጣ፣ ያውም በእሷ ጥፋት።

ኪዳኑ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መናኸሪያው በር መጣ። ድንች አቀረበችለት። አልነካውም።

"አባቴ እረግምሃለሁ አለኝ" አለ፣ እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ። "የአባት እርግማን አልችልም።"

"እኔ እኮ ለአንተ ብየ ነው ልጀ" አለችው። "እንዳትታለል።"

"ለእኔ እሷ ነግራኝ ነበር" አለ። "ለአባቴ የነገሩት እርስዎ ነዎት።" ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ግምጃ ቤት የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባ። በአባት ቁጣ የሚጠፋ ፍቅር ድሮም አልነበረም ብዬ ተሳደብኩ፤ የምሥራችን ግን አላጽናናትም። "እሱም ይሁን ብሎ ከዳት" አለችኝ። "ሁሉም ይሁን ብሎ ነው የሚከዳ።"

ፀደይ ጫግኒ ናት። አትመጣም፤ ትደውላለች ግን፤ ጠዋት ጠዋት፣ ሕፃናቱ ሳይገቡ። የምሥራች ድንቹን ምድጃ ላይ ጥዳ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ስልኩን ታነሣለች። ሰው ሁሉ ለሰው የሚለውን ነው የምትለው፤ ስትለው ግን ትንፋሽዋን ይዛ ነው።

"እንዴት አደርሽ ልጀ?"

እኔ አጠገቧ ስለምቆም የፀደይን ድምፅ እሰማዋለሁ። "ደህና አደርኩ፣ እማ።"

ሌላ ነገር ብዙ አያወሩም። ስልኩ ይዘጋል። የምሥራች ግን ከጆሮዋ አታወርደውም፤ እንደያዘችው ወደ እኔ ዞራ ታየኛለች።

"እውነቷን ነው?" ትለኛለች።